ፓምፑ ከተቃጠለ በኋላ የጻፍነው ደንብ

ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ሌላው ሰው በጻፈው ደብዳቤ ላይ ቁጥር እየሰጠሁ፣ ቀን እየመታሁ፣ ፋይል ውስጥ እያስገባሁ ነው የኖርኩት። የራሴን ዓረፍተ ነገር “አንቀጽ” ብሎ የሚጠራልኝ ሰው ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ነገሩን ያመጣብኝ የውኃ ፓምፕ ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ በሚገኝ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ነው። ግቢያችን ሰባት ብሎክ፣ 176 ቤት፣ እንጀራ የሚጋገርበትና በግ የሚታረድበት አንድ የጋራ ቤት አለው። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ሲመጣም ከምድር ቤት ወደ ላይ አይወጣም። ከታችኛው ታንከር ወደ ጣሪያዎቹ ሮቶ የሚገፋው አንድ ፓምፕ ነው። ባለፈው ዓመት፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ያ ፓምፕ ተቃጠለ።

ለጥበቃና ለጥገና ብለን በየወሩ የምናዋጣው ገንዘብ ነበረን። ገንዘቡ ግን ኮሚቴው በስሙ የባንክ ሒሳብ ስላልነበረው በገንዘብ ያዣችን የግል ሒሳብ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ገንዘብ ያዣችን ደግሞ በዚያው ሰሞን እናታቸው ሞተው አገር ቤት ወርደዋል፤ የሄዱበት ቦታ ስልክ አይሠራም። አሥራ አንድ ቀን ያለ ውኃ ቆየን። ጀሪካን በጋሪ እየተገዛ አራተኛ ፎቅ ድረስ በትከሻ ወጣ። በስድስተኛው ቀን “ገንዘቡን ይዞ ጠፋ” የሚል ወሬ ተጀመረ፤ በስምንተኛው ቀን ወሬው “ቤት እየሠራበት ነው” ወደሚል አደገ። ሰውየው ከልቅሶ ሲመለሱ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ደብተራቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ቆሙ። እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ልክ ነበር። ደብተሩን ለእኔ ሰጡኝና “ከዛሬ ጀምሮ የለሁበትም” አሉ። ጎረቤት ለልቅሶ መድረስ ሲገባው በሌብነት ሲያማቸው ሰነበተ። እኔም፣ ልደብቀው አልችልም፣ በዘጠነኛው ቀን ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ አምቻቸዋለሁ።

ማንም አላጠፋም። ያጠፋው “ገንዘብ ያዡ ቢቀር ማን ይፈርማል?” የሚል አንድ መስመር ወረቀት ላይ አለመኖሩ ነው። በዚያው ሳምንት አምስት ሰዎች መተዳደሪያ ደንብ አርቅቁ ተብለን ተመረጥን። ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ። ለምን እኔ? የእጅ ጽሑፌ ያምራል፣ ደግሞም ሴት ነኝ። በዚህ አገር በየትኛውም ኮሚቴ ውስጥ ሴት ካለች ጸሐፊዋ ታውቃለች፤ ምርጫ አያስፈልገውም። በኋላ ግን ተጠቀምኩበት። ወረቀቱን የያዘ ሰው የመጨረሻውን ቃል ይጽፋል።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ ሻምበል ናቸው። ኮሚቴውን ሲመሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጥበቃ የቀጠሩት፣ አጥር ያሳጠሩት፣ ዛፍ ያስተከሉት እርሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ አሥራ አራት ገጽ የታተመ ደንብ ይዘው መጡ። ከሌላ ሰፈር የተገኘ ነው፤ “ስሙን ቀይረን እንፈርምበት” አሉ። ማታ ቤት ወስጄ አነበብኩት። አንቀጽ 19 ስለ ሊፍት አጠቃቀም ይደነግጋል። እኛ ጋ ሊፍት የለም፤ ከ40/60 ሕንጻ የተገለበጠ ነበር። አንቀጽ 22 ስለ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ያወራል፤ የእኛ መኪኖች የሚቆሙት ልብስ በሚሰጣበት ሜዳ ላይ ነው። አሥራ አራቱን ገጽ ብፈልገው ስለ ፓምፕ አንድ ቃል አጣሁ። ስለ ሮቶ የለም። ደረጃ ላይ ስለሚቀመጥ ከሰል የለም። ሌሊት ስለሚጮህ ውሻ የለም። ሰዎቹ የተጣሉበት ነገር ሌላ ነው፣ እኛ የተጣላንበት ሌላ።

ስለዚህ በሁለተኛው ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ደንቡን ከመጻፋችን በፊት ጠባችንን እንጻፍ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚህ ግቢ ሰው ያኳረፈውን ነገር ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ መዘገብኩ፤ ሥራዬ መዝገብ አይደል? ሠላሳ አንድ ጠብ ሆነ። ከነዚህ ውስጥ አሥራ ሁለቱ ስለ ውኃ፣ ሰባቱ ስለ ገንዘብ፣ አራቱ ስለ በግ ናቸው። አንዱ ብቻ፣ የማይረሳ ነው፣ ከአራተኛ ፎቅ የወረደ የእርጥብ ብርድ ልብስ ጠብታ ሁለተኛ ፎቅ የተሰጣ በርበሬ ስላበላሸበት ነው። እያንዳንዱ ጠብ ጎን “ያን ጊዜ ምን የሚል ቃል ቢኖር ይበርድ ነበር?” ብለን ጻፍን። ደንባችን የወጣው ከዚያ ደብተር ነው። ሻምበል መጀመሪያ ላይ “ይህ ሐሜት ማጠራቀም ነው” ብለው ነበር፤ ወደ ገንዘቡ ስንደርስ ግን ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል፤ እኛም መንገድ ላይ ነው የተማርነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ቤቱ የእያንዳንዱ፣ ደረጃው፣ ጣሪያውና ዋናው ቧንቧ ግን የጋራ መሆኑን ይደነግግና፣ የጋራውን የሚያስተዳድር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ከነመተዳደሪያ ደንቡ እንዲኖር ያዛል። እኛም ቁልፍ ስንረከብ እንዲህ ያለ ማኅበር አቋቁመን ነበር። ሰብሳቢው ቤቱን አከራይቶ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ሄደ፤ ማኅተሙም አብሮት ሄደ። ከዚያ በኋላ ግቢውን የያዘው በፈቃዳችን ያለ ደመወዝ የምንሠራው የነዋሪዎች ኮሚቴ ነው። ሕግ የሚያውቀው ማኅበር ሥራ የለውም፤ ሥራ ያለውን ኮሚቴ ደግሞ ሕግ አያውቀውም። ጨዋታ እንጂ እውነት አይመስልም፤ ግን በብዙ ግቢ እንዲህ ነው።

እና ጥያቄው መጣ። ደንቡ የማን ደንብ ነው? “ነዋሪ” ማለት ማን ማለት ነው? ይህን አንድ ቃል ለመተርጎም ሦስት እሑድ ፈጀብን። ፓምፑን፣ ቅጣቱን፣ በጉን ሁሉ ብንደምር ሦስት እሑድ አልሞላም።

አዋጁ የሚያውቀው ባለቤትን ነው። በግቢያችን ግን በር ለበር ዞሬ ስቆጥር፣ ከ176ቱ ቤት በ97ቱ ውስጥ የሚኖረው ተከራይ ነው። ሻምበል “ተከራይ መንገደኛ ነው፤ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ ስለ ቤቴ እንዴት ድምፅ ይሰጣል?” አሉ። ሐሳባቸው ባዶ አይደለም። ጣሪያ ይጠገን ተብሎ ከየቤቱ ብዙ ሺሕ ብር ቢጣል፣ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ ተከራዩ እጁን አውጥቶ ሊሄድ ይችላል።

የአምስተኛዋ ብሎክ ተከራይ ግን ዝም አላለችም። ይህች ልጅ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች የምታስረክብ ናት፤ በቀን ሁለት መቶ እንጀራ ይወጣታል። ፓምፑ ሲቃጠል ከሁላችንም በላይ የከሰረችው እርሷ ናት፤ አሥራ አንዱን ቀን በገዛ ገንዘቧ ውኃ በጋሪ እያስመጣች ነው የጋገረችው። “እትዬ፣ ይህን ጻፊልኝ” አለችኝ፤ “በ1320/2016 አዋጅ የቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም ተብሏል። ኮሚቴያችሁስ ለስንት ዓመት ነው የሚመረጠው? ለሁለት ዓመት። እንግዲህ እኔ መንገደኛ ከሆንኩ ኮሚቴውም መንገደኛ ነው።” ክፍሉ ሳቀ። ሻምበል አልሳቁም፤ ግን ማስታወሻቸው ላይ አዋጁን ከነቁጥሩ ሲጽፉ አየኋቸው።

በዚያ ሳምንት ሎስ አንጀለስ ከሚኖረው የአክስቴ ልጅ ጋር በስልክ ስናወራ ነገሩን አነሳሁለት። እርሱ የሚሠራው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከተማው በ2002 እ.ኤ.አ. “ትንሿ ኢትዮጵያ” ብሎ በሰየመው ሰፈር፣ ምግብ ቤት ውስጥ ነው፤ የሚኖረው ግን ሩቅ ነው። “እኛ ጋ እኮ የሰፈር ምክር ቤት አለ፤ እኔም ድምፅ ሰጥቼ አውቃለሁ” አለኝ። ሳትኖርበት? አዎ። ነገሩ ደንቆኝ ነበርና አጠያየቅኩ። የከተማዋ ሕዝብ በ1999 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ቻርተር በየሰፈሩ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ምክር ቤቶች እንዲቋቋሙ ተደንግጓል፤ አሁን ቁጥራቸው ወደ መቶ ይጠጋል። በምክር ቤቱ ተሳታፊ የሚሆነው በሰፈሩ የሚኖር፣ የሚሠራ ወይም ንብረት ያለው ሰው ነው። ባለቤትነት ከሦስቱ መንገዶች አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። ምክር ቤቶቹ ከተማውን ይመክራሉ እንጂ አያዝዙም፤ ምናልባት በሩን ሰፋ አድርጎ ለመክፈት የቻሉት ለዚህም ይሆናል። አንድ ሌላ ነገርም ነገረኝ። በካሊፎርኒያ የስብሰባ ሕግ መሠረት የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት ሕዝብ በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት፤ አጀንዳ ላይ ባልሰፈረ ጉዳይ በመሠረቱ አይወሰንም። ይህን ስሰማ ደስታዬን አልቻልኩም። ስንት ጊዜ ነው “ልዩ ልዩ” በሚለው የመጨረሻ አጀንዳ ሥር፣ ሰው ወንበር ማንሳት ሲጀምር፣ ትልቁ ውሳኔ የተወሰነብን? አንቀጽ 11 ላይ አስገባሁት፤ አጀንዳ ከሦስት ቀን በፊት በየብሎኩ ደረጃ መግቢያ ይለጠፋል፣ “ልዩ ልዩ” በሚለው ሥር ገንዘብ አይወሰንም።

ስለ “ነዋሪ” በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፤ ከደንቡ እንዳለ ልገልብጠው። “ነዋሪ ማለት ባለቤትም ሆነ ተከራይ፣ በግቢው ውስጥ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የኖረ፣ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ሰው ነው። በውኃ፣ በጥበቃ፣ በጽዳትና በጋራ ቤቱ አጠቃቀም ላይ እያንዳንዱ ቤት አንድ ድምፅ ይኖረዋል፤ ድምፁን የሚሰጠው በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ነው። ጣሪያን፣ ግድግዳንና የሕንጻውን አካል የሚነካ ጉዳይ የባለቤቶች ነው፤ ይህ ኮሚቴ አይወስንበትም።” እኔ በግሌ ተከራዩ በሁሉም ቢመርጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን በአዋጅ ለባለቤቶች ማኅበር የተሰጠውን እኛ በበጎ ፈቃድ ኮሚቴ ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ተከራካሪ ወረቀቱን ይቀደዋል።

ከአምስታችን አንዷ የምድር ቤቷ እማማ ነበሩ። እርሳቸው በኮሚቴ ውስጥ ያሉት ማንም እምቢ ስለማይላቸው ነው። ስለ ቅጣት ስንወያይ፣ ከስብሰባ የቀረ ሰው ምን ይሁን የሚለው ተነሳ። አንዱ አባል ቀላል መፍትሔ አመጣ፤ የቀረ ሰው ከኮሚቴው የድጋፍ ደብዳቤ አይሰጠው፣ ለሠርግም የጋራ ቤቱን አይከራይ። እማማ ኩታቸውን አስተካከሉና “ይህን ነገር እኔ አይቼዋለሁ” አሉ።

ከዚያ ነገሩን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ በየሰፈሩ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ፣ ተቋቋመ። መጀመሪያ ሲመጣ ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ ኪራይ ቀነሰ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን መረጠ። እየዋለ እያደረ ግን ቀበሌ ኪራይ ሰብሳቢም፣ የፍርድ ሸንጎም፣ የስኳርና የሳሙና ሱቅም ሆነ። እማማ በዚያን ጊዜ አራስ ነበሩ፤ ስብሰባ በመቅረታቸው ከሱቁ ሰልፍ ላይ ተመለሱ። “ስኳሩን አልረሳሁትም” አሉ፤ “የመለሰችኝ ደግሞ ያው ጎረቤቴ ናት፤ ክርስትና ያነሳችልኝ።” ክፍሉ ጸጥ አለ። አንቀጽ 15 ሥር በእርሳቸው ቃል ጻፍኩት፤ “ከስብሰባ በመቅረቱ ማንም ነዋሪ ደብዳቤ፣ ውኃ፣ ወይም ሌላ አገልግሎት አይከለከልም።” የመቅረት ቅጣቱ ሃያ ብር ሆነ፤ ለታመመ፣ ለአራስና ለሐዘንተኛ ምሕረት አለው።

ቅጣቱን ሃያ ብር ያደረግሁት ከአባቴ ነው የተማርኩት። አባቴ ሲሞት ከሳጥኑ የጉለሌ ዕድራቸው መተዳደሪያ ደንብ የተጻፈበት ደብተር ወጣ፤ ልባሱ ሰማያዊ፣ ጽሑፉ በብዕርና በቀለም። “ጡሩምባ ሰምቶ ቀብር ያልደረሰ 1 ብር።” “ድንኳን ሲተከል ገመድ ያልያዘ 50 ሳንቲም።” “በስብሰባ ላይ ዳኛው ሳይፈቅድለት የተናገረ 25 ሳንቲም።” በመጨረሻው ገጽ የተቀጡት ሰዎች ዝርዝር አለ፤ አባቴ ስድስት ጊዜ፣ ስድስቱም በሦስተኛው ጥፋት። ዝም ማለት አይችልም ነበር፣ ግን ሁሌም ከፍሎ ይቀመጣል። ቅጣቱ ትንሽ ስለሆነ ከፍሎ ይመለሳል፤ ትልቅ ቢሆን አኩርፎ ይቀር ነበር። ያ ዕድር እስከ ዛሬ አለ፤ አባቴን የቀበረው እርሱ ነው። የ2011ዱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ እንኳ ዕድርንና ዕቁብን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ ትቷቸዋል፤ ራሳቸውን በራሳቸው ሲያስተዳድሩ ኖረዋልና።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ላልፈው፤ የሚያጣላ ነገር ስላልነበረው ነው። ሦስት ፈራሚ፣ ሁለቱ ከፈረሙ ይበቃል። ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ ይቆረጣል። ከ5 ሺሕ ብር በላይ ለሆነ ግዢ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ሻጩ የኮሚቴ አባል ዘመድ ከሆነ፣ አባሉ ይናገርና ክፍሉን ለቅቆ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ከጠብ ቁጥር 9 የመጣ ነው፤ ዝርዝሩን አላወራም፣ ባለጉዳዩ ጎረቤቴ ነው።

ያስፈራኝ የነበረው የምርጫ ዘመን ነበር። ሁላችንም እናስበው ነበር፤ ማንም አያነሳውም። ሻምበል ፊት ለፊት ተቀምጠው እንዴት ይነሳ? በመጨረሻ “ማንኛውም የኮሚቴ አባል ከሁለት የምርጫ ዘመን በላይ ማገልገል አይችልም” ብዬ ጽፌ፣ በረቂቁ መሐል ምንም እንዳልተፈጠረ አድርጌ አስገባሁትና ጮክ ብዬ አነበብኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

“ይህ አንቀጽ ለእኔ ነው የተጻፈው?” አሉ ሻምበል።

“አዎ፣ ሻምበል” አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

ረቂቁን ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ፤ አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ብዕሬን ለመኑኝና ከ“ሁለት” በኋላ አንዲት ቃል ጨመሩ፤ “ተከታታይ”። ሁለት ተከታታይ የምርጫ ዘመን። አራት ዓመት ሠርቶ የወጣ ሰው አንድ ዘመን አርፎ መመለስ ይችላል ማለት ነው። ብዕሬን መለሱልኝ። በሩን ሲዘጉባቸው መስኮት የከፈቱ ያህል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ቃሏ አንቀጹን አሻሽላዋለች። በዚህ ግቢ ሥራ የሚወድ ሰው ሞልቶ ስላልተረፈ፣ ለዘላለም ማሰናበት የማንችለው ብዙ ነው። አልሰረዝኳትም።

ረቂቁ ሲያልቅ ማጽደቁ ቀላል መስሎኝ ነበር። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በጋራ ቤቱ ተጠራን። ለምልአተ ጉባኤ 89 ቤት ያስፈልጋል፤ 61 መጣ። በሁለት ሳምንቱ ሁለተኛ ጥሪ ተደረገ፤ 74 መጣ። አንዱ ተነሥቶ “በአንቀጽ 12 መሠረት በሁለተኛ ጥሪ በተገኘው ሰው ይወሰናል” አለ። ልክ ነው፣ አንቀጽ 12 እንዲህ ይላል፤ ከአባቴ ዕድር የወሰድኩት ነው። ግን አንቀጽ 12 ገና አልጸደቀም! ባልጸደቀ ደንብ ደንቡን ልናጸድቅ ነው። ግማሹ “ምን ችግር አለው፣ ቀበጥ አትሁኑ” አለ፤ ግማሹ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆነች ነው እያለ ወደ እኔ ዞረ። እኔ እምቢ አልኩ። ነገ ሃያ ብር የተቀጣ ሰው የመጀመሪያ መከራከሪያው ይህ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ እኔና እንጀራ ጋጋሪዋ አምስት ምሽት በር ለበር ዞርን። ጥሩ ማስተማሪያ ነበር። ሰው በስብሰባ ላይ የማይጠይቀውን በገዛ በሩ ላይ ይጠይቃል። አንዲት ባለቤት “ቅጣቱ በእንግዳዬ ላይም ይሠራል?” አሉ፤ አልጻፍነውም ነበር፣ አከልን። አንድ ወጣት ደግሞ ሠላሳ አራቱንም አንቀጽ ቆሞ አንብቦ “በአንቀጽ 7 እና 20 መካከል ቅራኔ አለ” አለኝና ትክክል ሆኖ ተገኘ። ሦስት ቤት በሩን አልከፈቱልንም። አንድ ቤት ቡና አቀረቡልን፤ ሦስተኛው እስኪወርድ አንፈርምም አሉ፤ ያን ምሽት ሁለት ቤት ብቻ ነው የደረስነው። በአምስተኛው ምሽት 112 ፊርማ ሞላ። ፊርማዎቹን ቁጥር ሰጥቼ፣ ቀን መትቼ፣ ፋይል አደረግኳቸው።

በጉ ግን አልተፈታም። በዓል ሲመጣ ደረጃ ሥር ይታሰራል፣ ሌሊቱን ይጮኻል፣ ጠዋት ደሙ በፍሳሽ ጉድጓዱ ይሄዳል። በጋራ ቤቱ ብቻ ይታረድ ብለን ጻፍን፤ ለፋሲካ ሌሊት ሠላሳ በግ በአንድ ቤት እንዴት ይድረስ? አንቀጽ 27 እስከ ዛሬ “ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል” ይላል። መመሪያ የለም። አላፍርበትም፤ ያልተስማማንበትን እንደተስማማን አድርጎ መጻፍ ይከፋ ነበር።

በመጀመሪያው ምርጫ ሻምበል አልተወዳደሩም። እንጀራ ጋጋሪዋ በ83 ድምፅ የውኃ ንዑስ ኮሚቴ ኃላፊ ሆና ተመረጠች። ፓምፑ በየሦስት ወሩ እንዲፈተሽ አደረገች፤ መቼ እንደበራ፣ መቼ እንደጠፋ፣ ማን እንዳበራው በደብተር ያዘች። አንድም ቀን አልተቃጠለም።

ባለፈው ወር ውሏ አለቀ። ያከራያት ሰው ልጁን ሊድር ስለሆነ ቤቱን ይፈልገዋል። ከሌላ አከራይ ጋር ልነጋገርልሽ ብዬ በግቢው ውስጥ ባዶ ቤት ፈለግሁ፤ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፣ ዋጋው ከአቅሟ በላይ። አንቀጽ 6 ንዑስ አንቀጽ 2 “ነዋሪነቱ የተቋረጠ ሰው የኮሚቴ አባልነቱ በዚያው ቀን ያበቃል፤ በእጁ ያለውንም በጽሑፍ ያስረክባል” ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው በልቤ ያሰብኩት ማኅተም ይዞ የጠፋውን ሰውዬ ነበር።

ዕቃዋ በአይሱዙ ላይ ተጭኖ ሲያልቅ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ በሬን አንኳኳች። “እትዬ፣ ርክክብ” አለች። ደረጃው ላይ ተቀምጠን ጻፍን። የፓምፕ ቤት ቁልፍ 2። የመዝገብ ደብተር 1፣ እስከ ገጽ 46 የተጻፈበት። መፍቻ 1። የእጅ ባትሪ 1። ልፈርም ስል እጄን ያዘችኝ፤ “ባትሪው ድንጋይ የለውም፤ እርሱንም ጻፊ፤ በኋላ ሰው እኔ የወሰድኩት እንዳይመስለው።” ከባትሪው ጎን “ድንጋይ የሌለው” ብዬ ጨመርኩ፤ ሁለታችንም ፈረምን። ሹፌሩ ከታች ክላክስ እየነፋ ነበር።